ውሃውን ሳያይ የሞተው መሐንዲስ
ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ

የጋዜጠኝነት ተማሪ የሰው ታሪክ ጻፍ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወይ ደራሲ፣ ወይ ጋዜጠኛ፣ ወይ የጦር ጀግና ነው የሚመርጠው። እኔ ግን የመረጥኩት አንድ የውሃ መሐንዲስ ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛውን ዶርም ውስጥ የምንኖር ሁሉ እናውቀዋለን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚህ ሰው ታሪክ መጨረሻ ላይ ጋዜጣ መኖሩ ነው። ያውም የሚያኮራ ሥራ የሠራ ጋዜጣ አይደለም። እዚያ ስንደርስ እኔም የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ሰውየው ቻርልስ ዬልቨርተን ኦኮነር ይባላል። በምዕራብ አውስትራሊያ ስሙን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብና ወደ ታሪኩ ልግባ።

ከአየርላንድ እስከ ዓለም ጫፍ

ኦኮነር የተወለደው በጥር 1843 በአየርላንድ፣ ሚዝ በተባለው አውራጃ ነው። ገና ሕፃን ሳለ አገሩ በታላቁ የድንች ረሃብ ተመታች። በ17 ዓመቱ ገደማ በአንድ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ሥር ሙያ ለመማር ገባ። ያኔ መሐንዲስ የሚኮነው እንደ ዛሬው አራት አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ብቻ አልነበረም። የሚያውቅ ሰው ሥር ሆኖ፣ መለኪያውን ተሸክሞ፣ ጭቃ እየረገጡ ነበር የሚማሩት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው በ1865 ወደ ኒውዚላንድ ተሰደደ። እዚያም ከክራይስትቸርች ከተማ ተነስቶ ከፍተኛ ተራሮችን አቋርጦ ወደ ምዕራቡ የወርቅ አገር በሚያልፈው መንገድ ሥራ ተሳተፈ። ለወርቅ ቆፋሪዎች ውሃ በሚያደርሱ ቦዮች፣ በድልድዮችና በወደቦች ላይ ሠራ። በ1874 አገባ፤ ስምንት ልጆችም ወለደ። በሥራው እያደገ ሄዶ በመንግሥት የሥራ መሥሪያ ቤት ትልቅ ቦታ ላይ ደረሰ። ነገር ግን ይገባኛል ብሎ የሚጠብቀው የዋና መሐንዲስነት ሹመት በ1890 ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቅር ቢለውም ቁጭ ብሎ አላማረረም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በር ተከፈተለት።

የከፈተለት ጆን ፎረስት ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ራሷን በራሷ ማስተዳደር የጀመረችው በ1890 ሲሆን ፎረስት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ነበር። ግዛቲቱ ስፋቷ ከኢትዮጵያ እጥፍ ይበልጣል፤ በ1891 ሕዝቧ ግን 50 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ፎረስት ለኦኮነር ዋና መሐንዲስ እንዲሆንለት ጻፈለት። ኦኮነርም ሥራው የባቡር ነው ወይስ የወደብ ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ሁሉም ነው የሚል ሆነ። እውነትም ሁሉም ሆነ።

መጀመሪያ የተሰጠው ከባድ ሥራ የፍሪማንትል ወደብ ነው። ከእርሱ በፊት የተጠየቁት ስመ ጥር እንግሊዛዊ የወደብ መሐንዲስ በወንዙ አፍ ላይ ወደብ መሥራት አያዋጣም፣ አሸዋው ይሞላዋል የሚል አስተያየት ሰጥተው ነበር። ኦኮነር ግን የአሸዋውን እንቅስቃሴ ራሱ አጠና። የወንዙን አፍ የዘጋውን ድንጋይ በፈንጂ አስነስቶ፣ ታችኛውን አስጠርጎ መርከብ ማስገባት እንደሚቻል ተከራክሮ አሳመነ። ወደቡ በ1897 ተከፈተ፤ ዛሬም ይሠራል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው አይሆንም የተባለውን ነገር በቁጥር አስልቶ ይሆናል ማለት ልማዱ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ወርቅ አለ፣ ውሃ የለም

በ1892 ኩልጋርዲ፣ በ1893 ደግሞ ካልጉርሊ በተባሉ ቦታዎች ወርቅ ተገኘ። ቦታዎቹ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ 550 ኪሎ ሜትር ርቀው በረሃ ውስጥ ናቸው። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። የግዛቲቱ ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ሊጠጋ ደርሶ በ1901 184 ሺህ ሆነ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይጠጣ? በዚያ አገር ወንዝ የሚባል ነገር የለም። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በዓለት ላይ ባሉ ጉድጓዶች የሚጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ለስንት ትውልድ በቁጠባ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ወርቅ ፈላጊዎቹ ግን በአጭር ጊዜ አሟጠጡት። ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣው ጨዋማ ውሃ ነው። እሱን በእንጨት እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ በጋሎን ይሸጡት ጀመር። በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ታይፎይድ ገባ፤ ብዙ ሰው ጨረሰ። ባቡር በ1896 ሲደርስ ውሃም በባቡር መጫን ተጀመረ፤ ግን ውድ ነው፣ ደግሞም አይበቃም። ሰው ብቻ አይደለም የተጠማው። ድንጋዩን ፈጭቶ ወርቁን ለመለየትም፣ ለእንፋሎት ማሽኑም፣ ለባቡሩም ውሃ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የኦኮነር ችሎታ ይታያል። አንድ ሰው ከተማ ሲጠማ መጀመሪያ የሚያስበው እዚያው አካባቢ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ኦኮነር ግን ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ። ውሃው ያለበት ቦታ የት ነው? ዝናብ በሚዘንብበት፣ ከፐርዝ ከተማ በስተምሥራቅ ባለው የኮረብታ ሰንሰለት ውስጥ። እንግዲያው መንዳሪንግ በተባለው ቦታ የሄለናን ወንዝ ገድቦ፣ ውሃውን በብረት ቧንቧ ወደ በረሃው መግፋት ነው መፍትሔው አለ።

መግፋት የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ወርቁ ያለበት አገር ከግድቡ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ውሃው በራሱ አይወርድም፣ ሽቅብ መነዳት አለበት። ርቀቱን ለመገመት፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለውን የመኪና መንገድ ማሰብ ይበቃል። ያን ያህል ርቀት፣ ሽቅብ፣ በእንፋሎት ኃይል ማለት ነው። በዘመኑ ይህን ያህል ውሃ ይህን ያህል ርቀት የገፋ ማንም አልነበረም።

ዕቅዱ

ፎረስት የሕግ ረቂቁን ለምክር ቤት ያቀረበው በ1896 ነው፤ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት። የተጠየቀው ብድር 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ገንዘቡን በ1901 ለተቆጠረው ሕዝብ እንኳ ብናካፍለው በነፍስ ወከፍ ከ13 ፓውንድ በላይ ይደርሳል። ለአንዲት ድሃና አዲስ ግዛት ይህ ሸክም ነው።

ተቃዋሚዎቹ ዝም ብለው አልጮኹም፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ወርቁ በአምስት ዓመት ቢያልቅስ? ቧንቧው ቢያፈስና ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ገንዘቡን ማን ይመልሳል? ነገሩን ሳነብ ያስገረመኝ ኦኮነር ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጣ ሳይሆን በሒሳብ መመለሱ ነው።

በቀን የሚላከው ውሃ 5 ሚሊዮን ጋሎን እንዲሆን አቀደ። ይህ ወደ 23 ሚሊዮን ሊትር ነው። በእኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንሰፍረው በቀን ከአንድ ሚሊዮን ጀሪካን በላይ ይሆናል። ከዚያ ተነስቶ የድንጋይ ከሰሉን፣ የሠራተኛውን፣ የጥገናውን፣ የወለዱንና ብድሩን ቀስ በቀስ ለመክፈል በየዓመቱ የሚቀመጠውን ገንዘብ ደመረ። ይህን ሁሉ ለመሸፈን 1000 ጋሎን ውሃ በ3 ሺልንግ ከ6 ፔኒ መሸጥ ይበቃል አለ። በአንድ ፔኒ አምስት ጀሪካን እንደማለት ነው። በጋሎን እየለካ ውሃ ለሚገዛ ሰው ይህ ሕልም ይመስል ነበር።

መንገዱንም ዝም ብሎ አልመረጠም። ቧንቧው የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ እንዲሄድ አደረገ። እንዲህ ከሆነ ቧንቧውን ለማጓጓዝ፣ በኋላም ለፓምፖቹ ከሰል ለማድረስ፣ ሲበላሽ ለመጠገን ሌላ መንገድ መሥራት አያስፈልግም። ውሃውን በአንድ ትልቅ ፓምፕ ከመግፋት ይልቅ ስምንት የፓምፕ ጣቢያዎችን በመንገዱ ላይ ደረደረ። አንዱ ለሌላው እየተቀባበለ እንዲያሳልፍ ነው፤ ይህም ቧንቧው ከአቅሙ በላይ በሆነ ግፊት እንዳይፈነዳ ያደርጋል።

የማፍሰሱንም ነገር አሰበበት። በዘመኑ የብረት ቧንቧ የሚሠራው ብረቱ እየተበሳ በወፍራም ሚስማር እየተመታ ነበር፤ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር የሚያፈስበት ቦታ ይበዛል። ሜፋን ፈርጉሰን የተባለ የሜልቦርን ሰው ግን ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶችን ያለ ሚስማር፣ በሁለት ወገን በሚጨመቅ ዘንግ የሚያቆላልፍ አዲስ ቧንቧ ፈለሰፈ። ኦኮነር ይህንን መረጠ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ቧንቧዎች ተሠሩ። እያንዳንዳቸው ከ8 ሜትር በላይ ርዝመትና 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆድ ስፋት ነበራቸው።

በዚህም አላበቃም። በ1897 ለንደን ሄዶ ዕቅዱን ለታወቁ መሐንዲሶች ጉባኤ አቀረበ፤ መረመሩት፣ አስተያየት ሰጡበት። እንደ እኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራዬን ሌላ ሰው ይይልኝ ማለት የሚችለው በሥራው የሚተማመን ነው።

ጋዜጣው

ሥራው እንደታሰበው አልፈጠነም። ብድሩ ለንደን ላይ ቶሎ አልተገኘም። ግድቡ የሚቆምበት ቦታ ሲቆፈር ዓለቱ ውስጥ ስንጥቅ ተገኘና እሱን አጽድቶ መሙላት ጊዜ ፈጀ። ቧንቧዎቹን የማገጣጠሙ ሥራም ቀርፋፋ ነበር፤ በየመጋጠሚያው እርሳስ እየቀለጠ ከፈሰሰ በኋላ በእጅ እየተቀጠቀጠ ነው የሚታተመው። ሕዝቡ ደግሞ ይጠብቃል። ከ1896 ጀምሮ ውሃ ይመጣል ይባላል፤ ውሃ የለም።

በየካቲት 1901 ፎረስት ወደ አዲሱ የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት ሄደ። ኦኮነርን ደግፎ ይዞት የነበረው ትልቁ ሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የግዛቲቱ መሪነት በአጭር ጊዜ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከረመ። ኦኮነርን የሚከላከልለት ጠፋ።

በዚህ መሐል የፐርዙ ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ዘመቻውን አጠናከረ። ዕቅዱን መተቸት መብቱ ነው፤ እንዲያውም ግዴታው ነው። ይህን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ ጋዜጣ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ? ነገር ግን ትችቱ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ዞረ። በየካቲት 1902 ጋዜጣው ኦኮነርን በሙስና በቀጥታ ወነጀለው። ፓርላማ ውስጥም ስሙን የሚያነሱ በዙ። ያኔ መነሻ የሆነው የቧንቧውን መጋጠሚያ በማሽን የማተም ውል ነው። ማሽኑ ሥራውን የሚያፋጥን ነበር፤ ነገር ግን በውሉ ዙሪያ ጥርጣሬ ተነሳና መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ጥርጣሬው ከባዶ አልመጣም። ከኦኮነር በታች ሥራውን ይመራ የነበረው መሐንዲስ በግል ጥቅም ነገር ተገኝቶበታል። ጋዜጣው ጭስ አይቷል፣ ጭሱም እውነት ነበር። ግን እሳቱ የት ቤት እንደሆነ ሳያጣራ የጎረቤቱን በር ሰበረ።

ኦኮነር ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት በፈረስ ወደ ባሕሩ ዳር መሄድ ልማዱ ነበር። ብዙ ጊዜ ትንሿ ልጁ አብራው ትሄዳለች። መጋቢት 10 ቀን 1902 ግን ብቻውን ወጣ። ከፍሪማንትል በስተደቡብ ባለው ባሕር ዳርቻ ፈረሱን ወደ ውሃው ነድቶ፣ እዚያው በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። 59 ዓመቱ ነበር።

ትቶት የሄደው ወረቀት ዕቅዱ ትክክል መሆኑን፣ ዕድሉን ቢያገኝና ከሐሰት ክስ ቢጠበቅ ሊጨርሰው እንደሚችል፣ ይህ ግን ተስፋ እንደሌለው ይገልጻል። መጨረሻው ላይ የግድቡ የጎን ግድግዳዎች ቶሎ እንዲሠሩ መመሪያ አለበት። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። በዚያች ሰዓት እንኳ ስለ ግድቡ ግድግዳ ያስብ ነበር።

ኮሚሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ኦኮነር ላይ ምንም ዓይነት ሙስና አላገኘበትም። ሪፖርቱ ሲወጣ ግን ሰውየው መቃብር ውስጥ ነበር።

ውሃው ደረሰ

የቀሩት ባልደረቦቹ ሥራውን በዕቅዱ መሠረት ጨረሱት። በ1902 መጨረሻ ውሃው ኩልጋርዲ ደረሰ። በጥር 24 ቀን 1903 ፎረስት በከባድ ሙቀት መሐል ካልጉርሊ ተገኝቶ ቧንቧውን መርቆ ከፈተ፤ በንግግሩም የኦኮነርን ስም ሳያነሳ አላለፈም። የወጣው ገንዘብ ከመጀመሪያው ግምት ብዙም አልራቀም።

የተቃዋሚዎቹ ስጋትስ? ከፊሉ ደርሷል። የግዛቲቱ የወርቅ ምርት በዚያው በ1903 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። ነገር ግን ቧንቧው ሥራ አልፈታም። በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞችና የስንዴ ገበሬዎች ከእሱ እየቀጠሉ ውሃ መሳብ ጀመሩ። በ1951 ግድቡ ከፍ እንዲል ተደረገ። በእንፋሎት የሚሠሩት ፓምፖች በኤሌክትሪክ ተተኩ። ዛሬም ያ መስመር ወደ 100 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ ውሃ ያደርሳል። ለአንድ ከተማ ተብሎ የታቀደው ለአንድ ክፍለ አገር ሆነ። ለዚህ የበቃው አስቀድሞ ስለታቀደ ነው፤ ውሃው ከማይጠፋበት ቦታ መነሳቱ፣ ሊጠገን በሚችልበት መንገድ መዘርጋቱ፣ ዋጋውም ሥራውን ማስኬድ እንዲችል መታሰቡ።

ስለ ኦኮነር እስከ ዛሬ የሚወራ አንድ ተረት አለ። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ሳይመጣ ስለቀረ አፍሮ ራሱን አጠፋ ይባላል። ቀኖቹን ብቻ ማስተያየት ይበቃል። ሰውየው የሞተው ውሃው ካልጉርሊ ከመድረሱ አሥር ወር ቀደም ብሎ ነው። ተረቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ያልተጣራ ወሬም እንዲሁ ከመቃብር በላይ ይውላል።

የእኔ ኑዛዜ

አሁን የገባሁትን ቃል ላክብር። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ዶርማችን ለሦስት ሳምንት ውሃ ጠፋ። እኔም ነገሩ አንገብግቦኝ ለማስታወቂያ ሰሌዳ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። ለፓምፕ መግዣ የወጣው ገንዘብ የት ገባ ብዬ ጠየቅኩ፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ቀጥዬ ውሃውን የሚቆጣጠሩትን ሠራተኛ፣ ስማቸውን ሳልጠራ ሁሉም በሚያውቃቸው ሁኔታ፣ ገንዘቡን እንደበሉ አድርጌ ጻፍኩ። ማን ነገረህ ብትሉኝ ሁሉም ያወራ ነበር ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። ጽሑፉ ተወደደልኝ። ጓደኞቼ ጀርባዬን መቱኝ።

ከሳምንት በኋላ ሰውየው መንገድ ላይ ጠሩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ልጄ ብለው ወደ ፓምፑ ቤት ይዘውኝ ሄዱና ደብተራቸውን ከፍተው አሳዩኝ። የጉድጓዱ ውሃ በየወሩ ስንት እንደወረደ በእጃቸው ጽፈውታል። ፓምፑ ተገዝቷል፣ ይሠራልም። የጠፋው ውሃው ነው። ቀድመው ለበላይ በጽሑፍ አሳውቀዋል፤ ሰሚ አላገኙም። ትልቁ ዜና እዚያ ደብተር ውስጥ ነበር፤ እኔ አንዴ ሄጄ ጋሼ እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ አገኘው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ተቀበሉኝም። ግን ጽሑፉን ያነበበው ሁሉ ይቅርታዬን አላነበበም።

የኦኮነርን ታሪክ ስጽፍ ስለዚህ ነው እሳቸውን ደጋግሜ ያሰብኳቸው። አገራችን ገና ብዙ ግድብ፣ ብዙ ቧንቧ ትዘረጋለች። እኛም ገንዘቡ የት ደረሰ ብለን እንጠይቃለን፤ መጠየቅም አለብን። ብቻ ሥራው ምን ችግር አለበት የሚለው ጥያቄና ሰውየው ሌባ ነው የሚለው ፍርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ለመጻፍ ደብተሩን ማየት ይበቃል። ሁለተኛውን ለመጻፍ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

ፍሪማንትል ወደብ ላይ የኦኮነር ሐውልት ከ1911 ጀምሮ ቆሟል። እሱ በሞተበት ባሕር ውስጥ ደግሞ በ1999 አንድ ፈረሰኛ ተቀርጾ ተተክሏል። ማዕበል ሲመጣ ውሃው ያለብሰዋል፣ ሲመለስ እንደገና ይታያል።